መርሳ ላይ አብራሪ፣ ግራና ላይ መካኒክ

እናቴ በመርሳ ሰማይ ላይ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ሻርፗን ከራሷ ገፍፋ ታውለበልብ ነበር። የጦር ይሁን የእህል ጫኝ፣ ወደ ሰሜን ይሂድ ወደ ደቡብ፣ እሷ ግድ የላትም። «ልጄ ነው! አየኝ እኮ፣ ክንፉን ነቅነቅ አደረገልኝ!» ትላለች። ጎረቤቱም አብሯት ይወጣና እጁን ያወዛውዛል። እኔ ግን በሕይወቴ አንድም ቀን በርሬ አላውቅም።

ሥራዬ ምድር ላይ ነበር። በዚያ በሰሜኑ ጦርነት ዘመን ደብረ ዘይት የአንድ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን የምድር ቡድን አለቃ ነበርኩ። አብራሪው ይመጣል፣ ይበራል፣ ይመለሳል፣ ገላውን ታጥቦ ይተኛል። አውሮፕላኑ ግን የእኔ ነው። ነዳጁን የማስሞላው፣ ጎማውን በእግሬ መታ መታ የማደርገው፣ ከክንፉ ሥር ቦምቡ ሲሰቀል አንገቴን ቀልሼ የማየው፣ ዘይት ጠብ ካለም በጣቴ ነክቼ የማሸተው እኔ ነኝ። ለአብራሪው የማውሰው ነበር የሚመስለኝ። ጎረቤት ድስት ሊዋስ ሲመጣ ሰው እንደሚሰማው ነው፤ ትሰጣለህ፣ ግን ዓይንህ ከድስቱ ጋር አብሮ ይሄዳል።

ሊነሳ ሲል ከቦምቡና ከአብራሪው መቀመጫ ላይ የመጠበቂያ ፒኖቹን እነቅላለሁ። በእያንዳንዱ ፒን ላይ ቀይ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። ከአፍንጫው ፊት ቆሜ ሁሉንም ከፍ አድርጌ አሳያለሁ፣ አብራሪው በመስታወቱ ውስጥ ሆኖ ይቆጥራቸውና አውራ ጣቱን ያነሳል። በሥሬ ያሉት ልጆቼ ከጎማው ሥር ታኮውን ይስባሉ። እኔም በሁለት እጄ ና፣ ና፣ ወደ ግራ፣ ቀጥ በል እያልኩ አወጣዋለሁ። ከዚያ ሰላምታ እሰጠዋለሁ። ጩኸቱ ሆዴ ድረስ ይገባል፣ ያልፋል፣ ሜዳው ጸጥ ይላል።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው በየትኛውም መመሪያ ላይ አልተጻፈም። አለቃ አይቀመጥም። አውሮፕላኑ እስኪመለስ ድረስ ቀይ ጨርቆቹን እንደያዘ ይቆማል። ማውራት ይቻላል፣ መሳሳቅ ይቻላል፣ ጥላ መፈለግም ይቻላል፤ መቀመጥ ግን የለም። ማን እንደጀመረው አላውቅም። እኔ ስቀጠር ሽበታም አለቆች ይቆሙ ነበር፣ እኔም አብሬ ቆምኩ። የክፍላችን ሰው ሁሉ ወገቡን ይዞ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው።

ለእናቴ ይህን ሁሉ ደጋግሜ ጽፌላታለሁ። ደብዳቤውን የሚያነብላት የጎረቤት ልጅ ምን ብሎ እንዳነበበላት አላህ ይወቅ። እሷ የሰማችው «አውሮፕላን» እና «የእኔ» የሚሉትን ብቻ ነው።

በአንዱ ፈቃዴ መርሳ ስወርድ፣ ወደ ግራና በሚታጠፈው መንገድ አፍ ላይ አንድ ሽማግሌ በዘንጋቸው ተደግፈው ቆመው አየሁ። ከሻይ ቤቱ ደጅ ባዶ አግዳሚ አለ። እኔ የቆመ ሰው ሲያይ ወገቡን የሚያመው ሰው ነኝና «አባባ፣ ኧረ ይቀመጡ» አልኳቸው።

«አልቀመጥም ልጄ፣ አላህ ይስጥልኝ» አሉኝ። ዓይናቸው ከእኔ ላይ አልነበረም፤ ከአውቶቡሱ የሚወርደውን ሰው አንድ በአንድ ያዩ ነበር። ዕቃ የተላከላቸው መሰለኝና ቦርሳዬን አንስቼ ሄድኩ።

በማግስቱ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ ማንጎ እየመጠጥኩ ሳለ አውሮፕላን መጣ። እናቴ ከጓዳ በሩጫ ወጣች፣ እግሬን ዘላ አለፈችና ሻርፗን ታውለበልብ ጀመር። «ልጄ ነው! ልጄ ነው!» ጎረቤቶቿም እልል አሉ። ከመካከላቸው አንዷ እልልታዋን በአፏ ይዛ ድንገት ዘወር አለችና እኔን ከነማንጎዬ አየችኝ።

«እንዴ! አንተ እዚህ አይደለህ እንዴ? ታዲያ ማን እየነዳው ነው?»

እናቴ ዓይኗን እንኳ አልሰበረችም። «ዛሬ ረዳቱ ነው። እሱ ፈቃድ ላይ ነው» አለች።

ማንጎው ትን አለኝ። ሴቶቹ ጀርባዬን እየደበደቡ «አይዞህ፣ ከሰማይ የለመደ ሰው ምድር ላይ ሲበላ እንዲህ ነው» ይላሉ። እኔ በሳቅና በሳል መካከል ሆኜ እንባዬ ይወርዳል። እናቴ ክርክር እንዳሸነፈ ሰው ሻርፗን ራሷ ላይ መልሳ ገባች።

የፈቃዴ ነገር እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን ለእናቴ ቀሚስ ልገዛ ወልድያ ሄጄ ስመለስ፣ ሲሪንቃ ላይ የአውቶቡሱ ጎማ ፈነዳ። ጎማ ፈንድቶ መቀመጥ አልችልም። ኮቴን አውልቄ ወረድኩና ከሾፌሩ ጎን ተንበረከክሁ። ክሪኩን ገና ከመትከሌ አንድ ነገር ጧ ብሎ ባርኔጣዬን ከራሴ ላይ አሽቀንጥሮ አስፋልቱ ላይ ጣለው። ተሳፋሪው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። አነሳሁት፤ የጭቃ ድቡልቡል ነው።

ከመንገዱ ማዶ የእርሻ ምርምር ጣቢያው ማሽላ አለ። ወፍ እንዳይጨርሰው የአካባቢውን ልጃገረዶች ይቀጥራሉ። ከማሽላው መሀል ከእንጨት የተሠራ ረጅም ማማ፣ ከማማው ላይ ደግሞ ወንጭፍ የያዘች፣ በሌላ እጇ አፏን ያፈነች አንዲት ልጅ ቆማለች።

«አላየሁህም! ወላሂ ወፍ ላይ ነው የወረወርኩት!»

«እኔ ወፍ እመስላለሁ?»

«ከሩቅ፣ አዎ!»

አውቶቡሱ በሳቅ ተናወጠ። ስንት ቦምብ በእጄ ያሰቀልኩ ሰው በጭቃ ተደበደብኩ። ድቡልቡሉን ይዤ ማማው ሥር ሄድኩና «ዕቃሽን መለስኩልሽ» አልኳት። ጎንበስ ብላ ተቀበለችኝ። ሳቋን ልታፍን ብትሞክርም በአፍንጫዋ እያመለጣት ነበር።

«ወታደር ነህ?»

«ወደ ሰማይ ነገር የምልክ ነኝ።»

«እኔ ደግሞ ከሰማይ የሚመጣውን አባርራለሁ። እንግዲህ ተጣልተናል» አለችና ወንጭፏን ደግሞ አዞረችው።

ሾፌሩ ጎማውን ቀይሮ፣ ክላክሱን ነፍቶ፣ ነፍቶ ትቶኝ ሄደ። የእናቴ ቀሚስ ከእኔ ቀድሞ መርሳ ገባ፤ ሾፌሩ ቤታችን አድርሶ «ልጅሽን ሲሪንቃ ላይ በወንጭፍ መቱት» ብሏት ኖሮ፣ ስደርስ እናቴ ራሴን በሁለት እጇ ይዛ ቁስል ፈለገች። ቁስሉ ሌላ ቦታ ነበር።

ከዚያ በኋላ የማላመካኘው ነገር አልነበረም። ወልድያ የረሳሁት ነገር አለ እላለሁ፣ ሲሪንቃ እወርዳለሁ። ቀሚሱ ጠበበ እላለሁ፣ ሲሪንቃ እወርዳለሁ። ማማው ሥር ቆሜ ጭቃ እያድበለበልኩ አቀብላታለሁ፣ እሷ ትወረውራለች። የምድር ሠራተኛዋ ሆንኩላት ማለት ነው። እንደዚያ የሳቅሁበት ጊዜ የለም። ደብረ ዘይት ያሉ ልጆቼ ቢያዩኝ ኖሮ አለቃችን አበደ ብለው ለሕክምና ይጽፉልኝ ነበር።

የግራና ልጅ ናት። ሲሪንቃ የአክስቷ ቤት ተቀምጣ ነው ወፍ የምትጠብቀው። እንደምወዳት ስነግራት አልተግደረደረችም። «እኔም ወድጄሃለሁ። ሽማግሌ ላክ። አባቴ እሺ ካላሉ ግን እኔም እሺ አልልም። ወንድሜ ከሄደ ወዲህ ያለኋቸው እኔ ብቻ ነኝ፣ አላስከፋቸውም» አለች። ወንድሟ ለውትድርና ከተወሰደ ቆይቷል፤ ደብዳቤውም ከቀረ ቆይቷል። እኔ ደግሞ ፈቃዴ እያለቀ ነው። ጦርነቱ በጠናበት በዚያን ጊዜ ሌላ ፈቃድ መቼ እንደማገኝ የሚያውቅ አልነበረም። አሁን ካልሆነ ላይሆን ይችላል ብዬ ፈራሁ።

ሦስት ሽማግሌ ተላከ። አንደኛው አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም ናቸው። ሁለተኛው የሠፈራችን ሼህ። ሦስተኛው ክርስቲያኑ ጎረቤታችን፣ ሸማኔው ናቸው። በእኛ አገር ሽማግሌ ሲመረጥ ሃይማኖቱ አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው አፉ ነው፣ እሳቸው ደግሞ አፍ ነበራቸው። ማለዳ ሄደው ከሰዓት በኋላ አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ።

«ምን ተባለ?» አልኩ።

አጎቴ ጋቢያቸውን አራገፉ። «እኔ ነገሩን ላሳምር ብዬ ልጁ እኮ አብራሪ ነው፣ ሰማይ ለሰማይ ነው የሚሄደው አልኳቸው። ሰውየው በአንድ ጊዜ ፊታቸው ጠቆረ። ‹ወንድ ልጄ በመኪና ተጭኖ ሄዶ አልተመለሰም፣ መኪና እንኳ ምድር ይዞ ነው የሚሄደው። ሴት ልጄን ለበራሪ ሰጥቼ ሁለቱንም ስጠብቅ ልኑር?› አሉን። ምን ይባላል?»

«እኔ እኮ አልበርም!» ብዬ ጮህኩ።

ሦስቱም አዩኝ። ሸማኔው ቀስ ብለው «አትበርም?» አሉ።

«በርሬ አላውቅም! መካኒክ ነኝ!»

አጎቴ መጀመሪያ የተጨነቁት ስለ እኔ አልነበረም። ወደ ጓዳው በር ተመለከቱና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እህቴ ታውቃለች?» አሉ።

ከጦርነቱ ይልቅ የፈራሁት ያንን ጓዳ ነው። እናቴ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። «እማዬ፣ አፈር ስሆን አትቆጪ። አውሮፕላኑን እኔ አልነዳውም። የማዘጋጀው ነኝ። ሌላ ሰው ነው የሚያበረው» አልኳት።

«ዝም በል፣ ሰው ይሰማል!» አለችና በሩን ዘጋች። ከዚያ ተቀመጠች። «ጭራሽ? አንድ ቀን እንኳ?»

«አንድ ቀን እንኳ።»

«ክንፉን ነቅነቅ ያደረገልኝስ?»

«እኔ አይደለሁም።»

የሽንኩርቱ ይሁን የእኔ፣ እንባዋ ወረደ። ደነገጥኩ። ኋላ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ሳይ፣ እየሳቀች ነው። «ያንን ሁሉ ዘመን ለሌላ ሰው ልጅ ነው ለካ ሻርፕ ሳውለበልብ የኖርኩት! ለካ የሌላ እናት ሥራ ነው የምሠራው!» ትላለች። ሳቋ አልቆም ብሎ ግድግዳውን ያዘች። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ፣ ፊቷን አስተካክላ ፈረደች፦ «ሂድና ንገራቸው። አልበርም በል። ግን ለግራና ብቻ ነው፤ መርሳ ላይ ትበራለህ።»

እንግዲህ ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም። ነውር ነው። ልመናው የሚካሄደው እሱ በሌለበት ነው። እኔ ግን አብሬ ሄድኩ። ሸማኔው መንገዱን ሙሉ «እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፣ ሳላይ ብሞትም አይቆጨኝም ነበር» እያሉ ሄዱ። በመስኖው ቦይ ዳር፣ በሽንኩርቱ መደብ መሀል፣ ከኋላ ከኋላ እየተከተልኩ ግራና ገባን። የልጅቱ አባት ከማንጎ ሥር ከመደባቸው ላይ ተነስተው ተቀበሉን። ሳያቸው አወቅኋቸው። መርሳ መታጠፊያው ላይ አልቀመጥም ያሉኝ ሽማግሌ ናቸው።

እሳቸውም አወቁኝ። «አንተ ነህ ለካ» አሉ፣ ደስ ሳይላቸው።

«እኔ ነኝ አባባ። በነውር መጣሁ፣ ይቅር ይበሉኝ። ግን አልበርም። አጎቴ ያሉት በስህተት ነው። በርሬ አላውቅም፣ ወላሂ።»

«ሰው ልጅ ሲለምን የማይለው የለም» አሉ። «አየር ኃይል ነኝ ትላለህ፣ አልበርም ትላለህ። ታዲያ ምንድን ነው የምትሠራው? እስቲ አሳየኝ።»

ብድግ አልኩና ሸማኔውን ክንዳቸውን ይዤ ወደ ግቢው መሀል አወጣኋቸው። «ጋሼ፣ አንቱ አውሮፕላኑ ነዎት። እጅዎን ይዘርጉ።» ሸማኔው ግራ ተጋብተው ዘረጉ። ነጠላቸው ከሁለቱም እጃቸው ተንጠለጠለ፣ ለክንፍ የሚያንስ አልነበረም። ነዳጅ ሞላሁላቸው፣ እግራቸውን መታ መታ አደረግሁ። ሼሁ ቀይ መሐረብ ነበራቸው፤ ተውሼ ከሸማኔው ብብት ሥር ሸጎጥኩት፣ እንደ ፒን ነቀልኩና ከፍ አድርጌ አሳየሁ። «አውራ ጣትዎን ያንሱ!» አነሱ። ና፣ ና፣ ወደ ግራ እያልኩ ወደ ኋላ በምሄድበት ጊዜ ሸማኔው ነገሩ ጣማቸውና ከንፈራቸውን አሹለው ብርርርር ማለት ጀመሩ። አንዴ ከተነሱ በኋላ የሚያቆማቸው ጠፋ፤ በሽንኩርቱ መደብ ዙሪያ ዞሩ፣ ዶሮ ተበተነ፣ አጎቴ «ኧረ ሰውዬ፣ ነዳጅ ቆጥብ!» አሉ። ከቤት ውስጥ ያንን በአፍንጫ የሚያመልጥ ሳቅ ሰማሁ። ልጅቱ ለጉዳዩ ከሲሪንቃ መጥታ ነበርና ልቤ ቀለጠ። ሽማግሌውም ጢማቸውን ይዘው ሲስቁ አየኋቸው።

ሸማኔው ትንፋሽ አጥሯቸው ተመልሰው ሲቀመጡ እኔ ግን አልተቀመጥኩም። መሐረቡን እንደያዝኩ እዚያው ነበርኩ።

«የሚወስደውን የት ነው የሚያራግፈው?» አሉ ሽማግሌው። ሳቃቸው ጠፍቷል።

«ሰሜን ነው አባባ። ሞልቼ እልካለሁ፣ ባዶ ሆኖ ይመለሳል። የሚወድቅበትን አላይም።»

«ልጄም ሰሜን ነው።»

አፈርኩ፣ አንገቴን ደፋሁ።

«አውሮፕላኑ ከሄደ በኋላስ? አንተ ምን ትሠራለህ?» አሉ ቆይተው።

«እቆማለሁ።»

«ትቆማለህ ማለት?»

«እስኪመለስ ድረስ። እንዲህ፣ ጨርቁን ይዤ። እኛ ዘንድ የሄደ ሰው ሳይመለስ መቀመጥ የለም።»

ዘንጋቸውን ከመሬት ላይ አነሱና በጉልበታቸው መሀል አቆሙት። «ሳይመለስ የቀረ አለ?»

«አንድ ጊዜ። ከአሁኑ በፊት የነበረው አብራሪ።»

«ያን ቀን ማን አስቀመጠህ?»

«ማንም አላስቀመጠኝም። የሌሎቹ አውሮፕላኖች አለቆች ሥራቸውን ጨርሰው መጡና አጠገቤ ቆሙ። ሲመሽ አብረን ሄድን።»

ሽማግሌው ዘንጋቸውን ተደግፈው ተነሱ። ከዚያ ወደ ሼሁ ዘወር ብለው «ዱዓ አድርጉልን። ልጄን ሰጥቻለሁ» አሉ። ወደ ቤቱም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «አንቺ፣ ከበሩ ኋላ መሳቁን ተዪና ለእንግዳ ውኃ አምጪ!» አሉ። እኔ ዘልዬ ጉልበታቸውን ስስም መሐረቡ ከእጄ ወደቀ።

ፈቃዴ ሳያልቅ በችኮላ ተዳርን። ኒካሁ ግራና ታሰረ፣ አባቷ መርቀው ሸኙን። እናቴ ያንን የጠበበውን ቀሚስ ለብሳ፣ ለጠየቃት ሁሉ «ምድር ላይ ነው የተገናኙት» እያለች ስታስቅ ነበር። ሙሽራዋን ይዘን በጭነት መኪና፣ ድቤ እየተመታ፣ እየተጨበጨበ፣ ወደ መርሳ መጣን። እኔ የዚያን ቀን የምበር መስሎኝ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ያለ አውሮፕላን።

መታጠፊያው ስንደርስ ሚስቴ ክንዴን ያዘችኝ። አባቷ እዚያ ቆመዋል። ልጃቸውን በድግስ ሸኝተው፣ በአቋራጭ ቀድመውን፣ በዘንጋቸው ተደግፈው፣ የወልድያውን አውቶቡስ ይጠብቃሉ። ሰዓቱ ነበር።

መኪናውን አስቆምኩ። ሙሽራ ነኝ፣ ነጭ ለብሻለሁ፤ ወርጄ አጠገባቸው ቆምኩ። አላዩኝም፣ ግን ዘንጋቸውን ወደ ሌላኛው እጃቸው አዘዋውረው ቦታ ለቀቁልኝ። ሚስቴ የፊት መሸፈኛዋን ገፋ አድርጋ ወረደች። ሚዜዎቼ ወረዱ። ሸማኔው፣ ሼሁ፣ አጎቴ ወረዱ። ድቤው ቆመ። እናቴም መጥታ ከጎናችን ቆመች። ከሰማይ ላይ ዓይኗን አንስታ መንገድ ስታይ ያየኋት ያን ቀን ነው።

አውቶቡሱ መጥቶ ቆመ። መጀመሪያ አንድ የዶሮ ነጋዴ ወረደ፤ ያንን ሁሉ የሰርግ ልብስ የለበሰ ሰው ዝም ብሎ ሲያየው ግራ ገባውና ዶሮዎቹን ከፍ አድርጎ ሰላም አለን። ቀጥለው ሴቶች ወረዱ፣ አንድ አስተማሪ፣ ሕፃን የታቀፈች እናት። የሚወርድ ሰው አለቀ። ረዳቱ በሩን ዘጋ።

«ዛሬም አልመጣም» አሉ አባቷ።

አውቶቡሱ ወደ ደሴ መንገድ እስኪሰወር ድረስ አዩትና ዞር አሉ። ከኋላቸው የቆመውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ ተመለከቱ፣ ልክ ከአውቶቡስ እንደሚወርድ ሰው።

«ብዙ ሆነን ግን ቆምንለት» አሉ። ከዚያ ትከሻዬን ገፋ አድርገው «በል ሂድ፣ ሙሽራዋን ፀሐይ ላይ አታቁማት» አሉኝ። ድቤ መቺውንም እንዲመታ በዘንጋቸው ምልክት ሰጡት።